ቢጫው ሰማይ፦ የጌም ምስል ሲበላሽ ጥፋቱን ከየት እንፈልግ?

የዛሬው የሳይንስና ቴክኖሎጂ አምዳችን ስለ ኮምፒውተር ጌም ነው። «ጌም ደግሞ መቼ ትምህርት ሆነ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እማዬም ይህንኑ ነው ያለችኝ። እኔ ግን የምጽፈው ስለ አጨዋወቱ አይደለም። ጌሙ ውስጥ የሚታየው ምስል ሲበላሽ፣ ማለትም ቀለሙ ሲለወጥ፣ ነጠብጣብ ሲሞላው፣ ሲሰነጠቅ ወይም ሲለጠጥ፣ ጥፋቱ የት እንዳለ እንዴት እንደሚገኝ ነው። በዚህ ምክንያት ኅዳር ላይ ቤታችን ውስጥ ትልቅ ጠብ ተነሥቶ ስለነበር ነገሩን በደንብ አጥንቼዋለሁ።

ቤታችን ያለው ኮምፒውተር ታላቅ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ትቶልን የሄደው ዴስክቶፕ ነው። ቀን ቀን እማዬ የሱቋን ዱቤ ትመዘግብበታለች። ማን ዘይት ወሰደ፣ ማን ስኳር ወሰደ፣ ማን ግማሹን ከፈለ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነው። ማታ የቤት ሥራዬን ስጨርስ ደግሞ እኔ «ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዋንትድ» የሚባለውን የመኪና እሽቅድምድም እጫወታለሁ። ጌሙ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ስለሆነ አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል። አንድ ማታ ኮምፒውተሩን ስከፍት ሁሉ ነገር ቢጫ ሆኖ ጠበቀኝ። ጌሙ ውስጥ ሰማዩ ቢጫ፣ አስፋልቱ ቢጫ። የእማዬ የኤክሴል ነጭ ገጽ እንኳ የሎሚ ልጣጭ መስሎ ነበር። ይባስ ብሎ ሃያ ደቂቃ ያህል እንደነዳሁ ከመኪናዬ ላይ ረዣዥም ሦስት ማዕዘኖች እንደ እሾህ ወደ ሰማይ ተተኮሱ፤ ትንንሽ ባለ ቀለም ነጠብጣቦችም ስክሪኑን ወረሩት። ከዚያ ጥቁር ሆኖ ቀረ።

እማዬ «ይኸው፣ ጌምህ አቃጠለው!» አለች። እኔ ደግሞ ሳላስብ ጣቴን ታናሽ እህቴ ላይ ቀሰርኩ። «ቀን እሷ ስትነካካው ነበር» አልኩ። አልነካሁም ብላ አለቀሰች፤ ማንም አላመናትም።

በማግስቱ ኮምፒውተሩን በባጃጅ ጭነን አንድ ጥገና ቤት ወሰድነው። ሰውየው ገና ሶኬት ላይ ሳይሰካው «ፎርማት ይፈልጋል፤ ፎርማት ካልፈታው ካርዱ ሄዷል ማለት ነው» አለን። ፎርማት ማለት ዊንዶውስ ያለበትን የዲስክ ክፍል አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው። ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጣችሁት ፋይል ሁሉ አብሮ ይሄዳል። የእማዬ የዱቤ ፋይል ደግሞ ዴስክቶፕ ላይ ብቻ ነበር፤ ሌላ ቅጂ አልነበረውም። እማዬ «እና የሰዉን ዕዳ በምን ላስታውሰው ነው?» ብላ ኮምፒውተሩን መልሳ ይዛ መጣች። ቤት ስንደርስም «ፋይሌ ይውጣልኝና ይሸጥ» አለች።

ማታ ወንድሜ ስልክ ደወለ። ሁሉንም ነገርኩት። «አቦ ማንም እንዳይነካው! መጀመሪያ ዱቤውን ፍላሽ ላይ ገልብጥ። ከዚያ ምስሉ የት ጋ እንደተበላሸ ፈልግ» አለኝ። ዱቤውን ገለበጥኩ። «የት ጋ» ያለው ግን አልገባኝም ነበር።

እኛ ድሬዎች ውሃ ሲጠፋ የምናደርገውን አስቡ። ቧንቧውን መፍታት አንጀምርም፤ መጀመሪያ ጎረቤት እንጠይቃለን። ጎረቤትም ጋ ከሌለ ችግሩ ከመስመሩ ነው። ጎረቤት ጋ ኖሮ እኛ ጋ ከጠፋ ቆጣሪው አካባቢ እናያለን። ግቢ ውስጥ ኖሮ ወጥ ቤት ከጠፋ ደግሞ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ነው። የጌም ምስልም እንደዚሁ መንገድ አለው። መነሻው ዲስክ ላይ ያሉት የጌሙ ፋይሎች ናቸው። ፕሮሰሰሩ ያነባቸውና «እዚህ መኪና አለ፣ እዚያ ዛፍ አለ» የሚለውን ትእዛዝ ያዘጋጃል። ትእዛዙን ወደ ግራፊክስ ካርዱ ቋንቋ የሚተረጉመው ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ነው። ግራፊክስ ካርዱ ሥዕሉን ይሥልና በራሱ ሜሞሪ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በኬብል ወደ ስክሪኑ ይሄዳል። ወንድሜ «የት ጋ» ያለኝ ከእነዚህ ፌርማታዎች የትኛው ጋ ማለቱ ነው።

ፌርማታውን ለማግኘት ምንም የማያስከፍሉ ሙከራዎች አሉ። የመጀመሪያው ጌሙን ዘግቶ ዊንዶውሱን ማየት ነው። ጌም ውስጥ ብቻ የሚታይ ከሆነ ኬብሉና ስክሪኑ አብዛኛውን ጊዜ ነጻ ናቸው፤ ኬብል ጌምና ኤክሴልን አይለይማ! ኮምፒውተሩ ሲነሣ፣ ዊንዶውስ ገና ሳይመጣ የሚታዩት ፊደሎችም ከተበላሹ ደግሞ ጌሙም ዊንዶውሱም የሉበትም፤ ፎርማት ምንም አያደርግላችሁም። የእኛ ቢጫ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ነበር። እሾሁ ግን ጌም ውስጥ ብቻ ነበር። ይህን ወረቀት ላይ ስጽፈው ነው ሁለት የተለያዩ በሽታዎች መሆናቸው የታየኝ። በአንድ ማታ ስላየኋቸው እንደ አንድ ነገር ቆጥሬያቸው ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ ፕሪንት ስክሪን ነው። ኪቦርዱ ላይ ያለውን የፕሪንት ስክሪን ቁልፍ ስትጫኑ ኮምፒውተሩ የሚገለብጠው ገና ኬብሉ ውስጥ ያልገባውን ሥዕል ነው። ስለዚህ ፔይንት ላይ ለጥፋችሁ፣ በፍላሽ ወስዳችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ጥሩ ሆኖ ከታየ ጥፋቱ ከካርዱ በኋላ፣ ኬብሉ ወይም ስክሪኑ ላይ ነው ማለት ነው። እዚያም ተበላሽቶ ከታየ ከኬብሉ በፊት ነው። በሞባይል ፎቶ ማንሣት ግን ለዚህ አይሆንም፤ ሞባይሉ የሚያነሣው ስክሪኑ ላይ የደረሰውን ነው። (አንዳንድ ጌም ፕሪንት ስክሪን ሲደረግ ጥቁር ገጽ ብቻ ይሰጣል፤ አትደንግጡ።)

እዚህ ላይ ተሳሳትኩ። የጌሙን ምስል ፕሪንት ስክሪን አድርጌ ወደ ትምህርት ቤታችን የአይሲቲ ክፍል ወሰድኩት። ስከፍተው እዚህም ሰማዩ ቢጫ ነው! «አለቀ፣ ካርዱ ሞቷል» ብዬ አንገቴን ደፋሁ። የአይሲቲ መምህራችን አየት አደረጉትና «ይህ ጌም ድሮስ ሰማዩ ሰማያዊ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ዝም አልኩ። ስንት ወር ስጫወተው የሰማዩን ቀለም አላውቀውም። አብረን ስንመለከት፣ ሞስት ዋንትድ የተሠራው ከመነሻው ቢጫማ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ ቀለም እንዲኖረው ተደርጎ ነው። የመኸርን የፀሐይ ብርሃን ይመስላል። ሴቲንጉ ውስጥ «ቪዥዋል ትሪትመንት» የሚል ቦታ አለ፤ እሱን ስትቀይሩ ቀለሙም ይለወጣል። ስለዚህ ቤቴ ውስጥ የነበረው ቢጫ ሁለት ቢጫ ነበር፦ አንዱ ጌሙ ሆን ብሎ ያደረገው፣ ሌላው በሽታ።

መምህሩ «ለሙከራ የምትወስደው ትክክለኛ ቀለሙን የምታውቀውን ነገር መሆን አለበት» አሉኝ። በማግስቱ የኤክሴሉን ነጭ ገጽ ፕሪንት ስክሪን አድርጌ አመጣሁ። እዚህ ሲከፈት እንደ ነጠላ ነጭ ነው! ስለዚህ ካርዱ ነጭ ነው የሳለው፤ ቢጫ የሆነው መንገድ ላይ ነው።

የቀሩት ኬብሉና ስክሪኑ ናቸው። እነሱን የሚለየው ሙከራ በጣም ስለሚገርመኝ ለብዙ ልጆች አሳይቻለሁ። ስክሪኑ ከታች ወይም ከጎን ብርሃን የሚያስተካክሉበት ቁልፎች አሉት። ሜኑ የሚለውን ስትጫኑ ትንሽ ሰሌዳ ይወጣል። ያንን ሰሌዳ የሚሥለው ራሱ ስክሪኑ ነው፤ ከኮምፒውተሩ በኬብል አይመጣም። የእኛን ስጫን በቢጫው ገጽ መሃል የሜኑው ፊደሎች ጥርት ያሉ ነጭ ሆነው ወጡ። ስክሪኑ ነጭ ማሳየት ይችላል ማለት ነው። ቀረ ኬብሉ።

አሁን «ኬብል እንዴት ቢጫ ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። በሥዕል ክፍለ ጊዜ ቢጫ ከመሠረታዊ ቀለሞች አንዱ ነው ብለን ተምረናል፤ ለውሃ ቀለም ልክ ነው። ብርሃን ግን ሌላ ነው። ስክሪን ያለው ሦስት ቀለም ብቻ ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። ሦስቱም እኩል ሲበሩ ነጭ ይሆናል። ቀይና አረንጓዴ ብቻ ሲበሩ ቢጫ! ቀይና ሰማያዊ ሲበሩ ሐምራዊ ዓይነት ይሆናል፤ አረንጓዴና ሰማያዊ ሲበሩ ደግሞ ወደ ፈዛዛ ሰማያዊ ያደላል። ማየት ከፈለጋችሁ ሞባይል ላይ ነጭ ገጽ ክፈቱና በጣም ትንሽ የውሃ ጠብታ በጣታችሁ ጫፍ አስቀምጡበት። ጠብታዋ እንደ አጉሊ መነጽር ሆና ነጩ ውስጥ ያሉትን ባለ ቀለም ነጥቦች ታሳያችኋለች። ስትጨርሱ ጥረጉት፤ የአባታችሁ ሞባይል ከሆነ ደግሞ አስፈቅዱ።

የእኛ ኬብል ቪጂኤ የሚባለው፣ ጫፉ ሰማያዊ የሆነና በሁለት ብሎን የሚታሰረው ነው። ውስጡ በሦስት ረድፍ የተደረደሩ ትንንሽ ፒኖች አሉ፤ ቦታቸው 15 ነው። ቁጥር 1 ቀይን፣ ቁጥር 2 አረንጓዴን፣ ቁጥር 3 ሰማያዊን ይወስዳሉ። ቁጥር 3 ካልነካ ሰማያዊው አይደርስም፤ ከነጭ ላይ ሰማያዊ ሲቀነስ ቢጫ ይቀራል። የእናንተ ስክሪን ነጩ ሐምራዊ ቢሆን አረንጓዴው ቀርቷል፤ ነጩ ወደ ፈዛዛ ሰማያዊ ቢሄድ ቀዩ ቀርቷል ማለት ነው። ኬብሉን ሳትነቅሉ የትኛው ፒን እንደታመመ መናገር ትችላላችሁ።

ኮምፒውተሩንም ስክሪኑንም አጥፍቼ ከስክሪኑ ጀርባ ኬብሉን ነቀልኩት። በመካከለኛው ረድፍ አንዷ ቦታ ባዶ ናት። «ተሰብሯል!» ብዬ ነበር፤ ለካ ቁጥር 9 ብዙ ኬብሎች ላይ ስትሠራም የለችም። ቁጥር 3 ግን አለች፤ ግን ጎንበስ ብላ ጎረቤቷ ላይ ተኝታለች። በወረንጦ ቀስ አድርጌ አቀናኋት። ቶሎ ቶሎ ካጣመሟት ትሰበራለች፤ ደግሞ በኃይል መሰካት የለም፤ ፒኖቹ ቀዳዳቸውን ሳያገኙ ከተገፉ ይተኛሉ። መልሼ ስሰካው የኤክሴሉ ገጽ ነጭ ሆነ።

ይህንን ሳይ ግን ከመደሰት ይልቅ ደነገጥኩ። ፒኗ በራሷ አትጎብጥም፤ አንድ ሰው በኃይል ገፍቷታል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ኳስ በትልቅ ስክሪን ለማየት ብዬ ስክሪኑን ነቅዬ ሳሎን ወስጄው ነበር። ስመልሰው ቸኩዬ፣ አልገባ ሲለኝ ጨቁኜ የሰካሁት እኔ ነኝ። እህቴ እንዳለችውም አልነካችም። ሄጄ ነገርኳት። «ለእማዬ ንገራት» ብቻ አለችኝ። ለእማዬም ነገርኳት። ከኮምፒውተሩ መበላሸት ይልቅ በዚህ ነው የተቆጣችኝ፤ ለአንድ ሳምንትም ጌም ተከለከልኩ።

ሳምንቱ ሲያልቅ እሾሁ እንደነበረ ጠበቀኝ። ይህኛው በሽታ ሌላ ፌርማታ ላይ ነው። ጌም ውስጥ ያለ መኪና ክብ ጎማ ያለው ይመስለናል እንጂ ሁሉ ነገሩ ከትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች የተገጣጠመ ነው። እያንዳንዱ ማዕዘን የት እንዳለ የሚናገሩ ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች፣ ቅርብና ሩቅ። ግራፊክስ ካርዱ እነዚህን ቁጥሮች በየሰከንዱ እየደጋገመ ያሰላቸዋል። ካርዱ ከልክ በላይ ሲግል ወይም ሜሞሪው ሲደክም ከቁጥሮቹ አንዱ ይሳሳታል። አንድ ማዕዘን «ሰማይ ጥግ ነኝ» ይላል። ሁለቱ ማዕዘኖች መኪናው ላይ፣ አንዱ ሰማይ ላይ ሲሆን ሦስት ማዕዘኑ እንደ ማስቲካ ይለጠጣል። እሾሁ ያ ነው። ባለ ቀለም ነጠብጣቦቹም የተሳሳቱ የቀለም ቁጥሮች ናቸው።

ሙቀት መሆኑን ግን በምን አውቃለሁ? የጌሙ ፋይል ቢበላሽም እሾህ ሊወጣ ይችላል። ልዩነቱ ሰዓቱ ነው። የተበላሸ ፋይል ሲሞቅም ሲበርድም የተበላሸ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያው ቦታ ላይ፣ ያው መኪና ላይ ይታያል። ሙቀት ግን ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ቅዳሜ ቀን ደብተርና የእጅ ሰዓት ይዤ ተቀመጥኩ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስጀምር እሾሁ የመጣው በ31 ደቂቃ ነው። ቀን 8 ሰዓት ላይ፣ ድሬ ስትፈላ፣ በ12 ደቂቃ መጣ። ማታ 2 ሰዓት ላይ በ20 ደቂቃ። በመሃል ኮምፒውተሩን ለረጅም ጊዜ አጥፍቼ አሳርፈው ነበር፤ ካላሳረፍኩት ውጤቱ ይምታታል። ያው ጌም፣ ያው መንገድ፣ ያው መኪና። የተለወጠው የክፍሉ ሙቀት ብቻ ነው። ወንድሜ ኤችደብሊውሞኒተር የሚባል ነጻ ፕሮግራም እንድጭን ነገረኝ፤ እሱ የካርዱን ሙቀት በቁጥር ያሳያል። እሾሁ ሲወጣ 94 ዲግሪ ይል ነበር። ውሃ የሚፈላው በስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

እሑድ እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ወንድሜ ስልክ ላይ ሆኖ ሲስተም ዩኒቱን ከፈትን። ይህን ብቻችሁን አታድርጉት። ኤሌክትሪኩን ከዲቫይደሩ መንቀል ግዴታ ነው፤ ከነቀሉ በኋላም የመክፈቻ ቁልፉን አንድ ጊዜ ተጭኖ ውስጥ የቀረውን ማስጨረስ ያስፈልጋል። የብረቱን አካል በእጅ መንካትም አለ፤ ሰውነታችን ላይ ያለው የማይታይ ኤሌክትሪክ ካርዱን እንዳይጎዳው ነው። ኤሌክትሪኩ የሚገባበትን የተዘጋ የብረት ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላይ የሚሉትን፣ ፈጽሞ አትክፈቱ፤ ከተነቀለ በኋላም ይነዝራል። ጎኑን በካቻቢቴ ስንፈታው የካርዱ ፋን አይታይም ነበር። አቧራው ተጋግሮ ጥጥ መስሏል። እማዬ «ይሄ ፍራሽ ይሞላል» ብላ ሳቀች፤ ከኅዳር ወዲህ ከኮምፒውተሩ ጋር ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

በደረቅ የቀለም ብሩሽ አጸዳነው። ፋኑን በጣት ይዞ ነው የሚጠረገው፤ እንዲሽከረከር ከተተወ ሊጎዳ ይችላል። እርጥብ ጨርቅ የለም፤ በአፍ እፍ ማለትም የለም፣ ምራቅ ይረጫል። እስከዚያ ድረስ ኮምፒውተሩ መሬት ላይ፣ በር አጠገብ፣ ጀርባው ግድግዳ ተደግፎ ነበር የሚቀመጠው። አሁን ዱካ ላይ ወጥቶ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ርቋል። ከዚያ ወዲህ ቀን 8 ሰዓት ላይ እንኳ ከ73 ዲግሪ አላለፈም፤ እሾህም አልመጣም። በነገራችን ላይ ካጸዳችሁ በኋላም ሳይግል ወዲያው እሾህ ቢወጣ ካርዱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ያኔ የጥገና ቤቱ ሰውዬ ትክክል ይሆናል።

የሚከተሉት ትንንሽ ናቸው፤ ግን ብዙ ልጆች ስለሚጠይቁኝ ልጻፋቸው።

በፍጥነት ስትታጠፉ ምስሉ በአግድም ተሰንጥቆ የላይኛው ግማሽ ከታችኛው ጋር ካልገጠመ በሽታ አይደለም። ብዙው ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ነው አዲስ ሥዕል የሚቀበለው። ካርዱ ከዚያ ጋር ሳይናበብ መሃል ላይ አዲስ ሥዕል ሲሰጠው ግማሹ የአሮጌው፣ ግማሹ የአዲሱ ይሆናል። ሴቲንግ ውስጥ «ቪሲንክ» የሚለውን ስታበሩት ካርዱ ስክሪኑ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ ደካማ ከሆነ ግን ጌሙ ሊንቀራፈፍ ይችላል፤ ያኔ መምረጥ የእናንተ ነው። እኔ ስንጥቁን መርጫለሁ።

ጎማው እንቁላል የሚሆነውን ያገኘችው እህቴ ናት። አሁን እሷም ትጫወታለች። አንድ ቀን «ጎማው ለምን ክብ አልሆነም?» አለችኝና ማስመሪያ አምጥታ ስክሪኑ ላይ ለካችው፦ ቁመቱ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 4። የቤታችን ስክሪን በአግድም 1366፣ በቁም 768 ነጥቦች አሉት። ጌሙ ግን አሮጌ ስለሆነ ሰፊ ስክሪን አያውቅም፤ የመረጥነው 1024 በ768 ነበር። ቁመቱ እኩል ነው፤ ስፋቱ ግን ከ1024 ወደ 1366 ተለጥጧል። 1366ን ለ1024 አካፍሉት፤ 1.33 ይመጣል። 3 ሴንቲ ሜትሩን በዚያ አባዙት፤ 4 ይሆናል! የሒሳብ መምህራችን ይህን ለሬሾ ምሳሌ ወስደውታል። መፍትሔው ከስክሪኑ ሜኑ ውስጥ ምስሉን ሳይለጥጥ 4 ለ3 አድርጎ እንዲያሳይ መምረጥ ነው፤ ግራና ቀኝ ጥቁር ይሆናል፣ ጎማው ግን ክብ ነው። ሁሉም ስክሪን ይህ ምርጫ የለውም።

ሩቅ ያለ የግድግዳ ማስታወቂያ ወይም የመንገድ መስመር ብልጭ ድርግም ካለና ስትቀርቡት ከቆመ ኮምፒውተራችሁን አትውቀሱት። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ሁለት ገጾችን በጣም አጠጋግተው አስቀምጠዋቸዋል። ካርዱ የትኛው ከፊት እንደሆነ የሚያውቀው ርቀታቸውን በቁጥር አነጻጽሮ ነው፤ ከሩቅ ሲሆን ቁጥሮቹ እኩል ይሆኑበትና አንዴ ይሄንን አንዴ ያንን ይስላል። በሴንቲ ሜትር ማስመሪያ የሁለት ወረቀት ውፍረት ለመለየት እንደመሞከር ነው። ኖሮበት መጫወት ነው እንግዲህ።

የመጨረሻው የክፍል ጓደኛዬ ጉዳይ ነው። የእሱ ኮምፒውተር በእርግጥ ፎርማት ተደረገ፤ ከዚያ በኋላ ጌሙ ወይ አልከፍት ይላል ወይ እንደ ኤሊ ይሄዳል። ዊንዶውሱ 10 ነው። የስታርት ምልክቱ ላይ በቀኝ የማውዝ ቁልፍ ተጭነን «ዲቫይስ ማኔጀር» የሚለውን ከፈትን፤ «ዲስፕሌይ አዳፕተር» በሚለው ሥር «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ተጽፏል። ይህ ማለት አስተርጓሚው የለም፣ ዊንዶውስ በምልክት ቋንቋ እያግባባቸው ነው። ፎርማቱ ድራይቨሩንም ጠርጎታል። የካርዱን ስምና ሞዴል ካርዱ ላይ ካለው ወረቀት አንብበን፣ ከአምራቹ ድረ ገጽ ድራይቨሩን ኢንተርኔት ባለበት አውርደን በፍላሽ ጫንነው። ጌሙ ያኔውኑ ተነሣ። የጠፉት ፎቶዎቹ ግን አልተመለሱም።

የእናንተ ጌም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካለ በወረቀት ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ ክፍሉ በር ላይ ባለው ሳጥን ክተቱ። «ጌሜ ተበላሽቷል» ብቻ ካላችሁ መልስ የለኝም። ዊንዶውሱም ላይ ይታይ እንደሆነ፣ በስንት ደቂቃ እንደሚመጣ፣ ፕሪንት ስክሪን ላይም ይኖር እንደሆነ ጻፉ። ፋይላችሁን ፍላሽ ላይ መገልበጣችሁንም ጻፉ፤ እማዬ መጀመሪያ እሱን ጠይቅ ብላኛለች።